የዲጂታል ሙዚቃ ክምችትን የድምፅ መጠን ማመጣጠን

ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ አቶቴ በሚመላለስ ባጃጅ ፍላሽ ላይ፣ ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን በቅርብ ጊዜ ከተሠራ ነጠላ ዜማ ጋር ተከታትሎ ቢገኝ አይገርምም። ለመጀመሪያው የተከፈተው ቮሊዩም በሁለተኛው ጆሮ ይበሳል፤ ሾፌሩም እየነዳ እጁን ወደ ቴፑ ይሰዳል። ይህ አደጋም ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ቀረጻውና ማስተሪንጉ (ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ናቸው። ሁለት ዘፈኖች የድምፃቸው ከፍተኛ ጫፍ እኩል ሆኖ፣ በኮምፕረሰር (ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ በሚያቀራርብ መሣሪያ) የታመቀው ግን ከዳር እስከ ዳር ሲጮህ ይሰማል። ስለዚህ ጫፍን ብቻ የሚያስተካክል ኖርማላይዝ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ መለካት ያለበት ለጆሮ የሚሰማው ጩኸት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የቀረበው ሪፕሌይጌይን የተባለ የልኬት ዘዴ መነሻውን 89 ዴሲቤል አድርጎ ይህንኑ ይለካል። ውጤቱን የሚጽፈው ግን ታግ (ፋይሉ ውስጥ ያለ የዘፈን መረጃ) ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ፉባር 2000 የተባለው ማጫወቻ አንብቦ ያስተካክለዋል፣ ብዙ የመኪና ቴፖች ግን አያነቡትም።

ለፍላሽ የሚሻለው ኤምፒስሪጌይን የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በየፍሬሙ (የኤምፒስሪ ፋይል በተከፋፈለባቸው ጥቃቅን ክፍሎች) የተቀመጠውን የድምፅ መጠን ቁጥር በ1.5 ዴሲቤል እርከን ይቀይራል እንጂ ዘፈኑን እንደገና አይጨምቅም፤ ጥራት አይቀንስም፣ መመለስም ይቻላል። መጀመሪያ ሙዚቃውን ኮምፒውተር ላይ ቅዱና መጠባበቂያ ያዙ። ፎልደሩን ጫኑ፣ ልኬቱን አስሠሩ፣ ከዚያ ለውጡን ተግብሩ። ለተደባለቀ ፎልደር በየዘፈኑ፣ ለአንድ ሙሉ አልበም ግን በአልበም አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ሆን ተብሎ ለስለስ ብሎ የተቀዳው ዘፈን ከሌሎቹ እኩል ይጮሃል።

የቆየው የፕሮግራሙ የዊንዶውስ ቅጂ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም ሲያገኝ በጥያቄ ምልክት እየተካ ፋይሉን መክፈት ያቅተዋል። ስሙን በላቲን ፊደል መቀየር ግድ ነው። ኤምፎርኤና ዌቭ ፋይሎችንም አይነካም።

በባጃጅ ሞተር ድምፅ ውስጥ የ89 ዴሲቤል መነሻ ዝቅ ካለ 92 ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲኬድ ፕሮግራሙ ጫፋቸው የሚቆረጠውን ዘፈኖች በቀይ ያሳያል፤ እነዚህ በስፒከር ሲሰሙ ይሰነጠቃሉ። ከካሴት የተገለበጠው ላይ ደግሞ ዘፈኑ ከፍ ሲል የካሴቱ ክር ሽሽታም (የማያቋርጥ የሽሽ ድምፅ) አብሮ ከፍ ይላል፤ እሱን መቀነስ ያለበት በግልበጣው ጊዜ፣ ወደ ኤምፒስሪ ከመለወጡ በፊት ነው።