የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ስሙ ለምን ተቀየረ?

በቆዩ ጽሑፎች ስሙ «ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ፓቶቫር ሙሳሲያሩም» ነው፤ በአዲሶቹ ደግሞ «ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ፓቶቫር ሙሳሲያሩም»። ሁለት በሽታ እንዳይመስላችሁ። በ1968 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ የተገለጸው፣ ተክሉ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያወጣው ያው ባክቴሪያ ነው።

ግር የሚያሰኘው «ፓቶቫር» ነው። ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በሚያጠቁት ተክል የሚለዩበት ምድብ ነው። በስሙ ውስጥ ዝርያውን የሚነግረው «ካምፔስትሪስ» ወይም «ቫሲኮላ» የሚለው ነው፤ «ሙሳሲያሩም» የፓቶቫሩ ስም ነው። ድሮ ካምፔስትሪስ ጎመንን የሚያጠቃውንም የእንሰቱንም ባክቴሪያ ያጨቁበት ጆንያ ነበር። ሙሉው ዘረመል ሲነበብ ግን የእንሰቱ የቅርብ ዘመድ የጎመኑ ሳይሆን ማሽላን የሚያጠቃው ቫሲኮላ ሆኖ ተገኘ። በ2020 እ.ኤ.አ. ስሙ ወደዚያው ተዛወረ።

ታዲያ በሽታ አምጪ ጂኖቹን ብቻ አይቶ መመደብ አይቻልም? አይበቃም። «ኤችአርፒ» የሚባለው የጂኖች ስብስብ ፕሮቲን ወደ ተክሉ ሕዋስ የሚያስገባ መርፌ መሰል መሣሪያ ይሠራል። የሚወጉት ፕሮቲኖች ጂን ግን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊሻገር ይችላል፤ ባዕዱን ዘመድ ያስመስላል። ስለዚህ ዝምድናው በሙሉ ዘረመል ይለካል፣ የፕሮቲኖቹ ዝርዝር ደግሞ የትኛውን ተክል እንደሚያጠቃ ፍንጭ ይሰጣል። ለገበሬው በስሙ መቀየር የተለወጠ ነገር የለም፤ አንዱን እንሰት የቆረጠበትን ቢላዋ ሌላው ላይ ከማሳረፉ በፊት አሁንም እሳት ላይ ማጋል አለበት።