ስለ ንግድ ማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቴርሞስታቱን ዝቅ ካደረግኩት ቶሎ ያቀዘቅዛል።»
አያቀዘቅዝም። የተለመደው ኮምፕረሰር (ማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል። ከ3 ዲግሪ ወደ 0 ብታወርዱት በዚያው ጉልበት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል እንጂ አይፈጥንም። ስትመለሱ ቅጠላ ቅጠሉን ውርጭ መትቶት ታገኙታላችሁ፤ ቆጣሪውም በከንቱ ሲሮጥ ውሏል።

«የበረዶ ማቅለጫው በሰዓት ተሞልቷል፣ ይበቃል።»
ብዙ ኤሌክትሪክ በዝምታ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። ኢቫፖሬተሩ (ውስጡን የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅል) ላይ ውርጭ ሲጋገር አየር አያሳልፍም፤ ስለዚህ መቅለጥ አለበት። ማቅለጫው ግን ብዙውን ጊዜ ሂተር ነው። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሙቀት እናስገባለን፣ ከዚያ ኮምፕረሰሩ መልሶ ያወጣዋል። ሁለቴ ነው የምንከፍለው። በቀን 4 ጊዜ ተብሎ ከተሞላ ደግሞ ውርጭ ኖረም አልኖረም 4 ጊዜ ያሞቃል።

ሻል ያለ መቆጣጠሪያ ኢቫፖሬተሩ ላይ ሴንሰር አለው። በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ሙቀቱ 0 ዲግሪ አካባቢ ቆም ይላል፤ ካለቀ በኋላ ሽቅብ ይወጣል። መቆጣጠሪያው ይህን አይቶ ሂተሩን ያጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል፤ ማሽኑ ሰዓቱን ሳይሆን በረዶውን ነው የሚያየው።

«የፋን ፍጥነት መቀነስ ብዙም ለውጥ የለውም።»
በጣም አለው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈልገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ሌሊት በር የሚከፍት ሰው በሌለበት ፋኑን በሙሉ ኃይል ማስሮጥ ምን ይጠቅማል?

«የኮንደንሰር ግፊት ሁሌም ከፍ ማለት አለበት።»
ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለው ክፍል ነው። ከፍ ያለው ግፊት የሚያስፈልገው ለሞቃት ቀን ነው። ውጭው ሲቀዘቅዝ ግፊቱም አብሮ ቢወርድ ኮምፕረሰሩ ይቀለዋል። ታችኛው ገደብ ግን አለ፤ ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያሳልፈው ማስፋፊያ ቫልቭ በቂ ግፊት ይፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ ቫልቭ ያለው ሲስተም የበለጠ ዝቅ ማለት ይችላል።

«ኃይል ከቆጠብን ምግቡ ይበላሻል።»
ቁጠባው ምግቡን በማሞቅ አይመጣም። የሚቀዘቅዘው ከ5 ዲግሪ በታች፣ በረዶ ሆኖ የሚቀመጠው −18 አካባቢ እንዳለ ይቆያል። ጥሩ መቆጣጠሪያ ሙቀቱ ከፍ ሲል አላርም ያሰማል።

«መቆጣጠሪያ ከተገጠመ ሌላው ግድ የለም።»
አቧራ የሞላው ኮንደንሰርና የተቀደደ የበር ጎማ ቁጠባውን ይበሉታል። ኮንደንሰሩን አጽዱ። በሩ ላይ ወረቀት አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ሳይታገላችሁ ከወጣ ጎማው ይቀየር።