ፒንግ ምንድን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደሴ ፒያሳ ወይም በሰኞ ገበያ አካባቢ ወደ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ተጫዋቾችን ያገኛል። አንደኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ጆይስቲክ ጨብጠው፣ በአንድ ቴሌቪዥን ኳስ የሚጫወቱት ናቸው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢለውጥም ዛሬም የሚጠራው ፊፋ ተብሎ ነው፤ የተሸነፈው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ ተራ የሚጠብቀው ይቀመጣል። ሌሎቹ ጥግ ይዘው፣ ስልካቸውን ቻርጀር ላይ ሰክተው ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር የተባሉትን የተኩስ ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚጫወቱት ናቸው፤ የእነዚህ ተጋጣሚዎች እዚያ ቤት ውስጥ የሉም፤ ምናልባት ጅዳ፣ ምናልባት ካይሮ፣ ምናልባትም ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይሆናሉ። የፊፋዎቹ ጭቅጭቅ ስለ ዳኛና ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሆን ከጥጉ በኩል የሚሰማው ሮሮ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፒንግ ነው የገደለኝ።» ነገሩ የተሸናፊ ሰበብ ይሁን እውነት ለመፍረድ፣ ፒንግ የሚለካው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፒንግ ማለት ከተጫዋቹ ስልክ የወጣ አጭር መልእክት ጨዋታው ወደሚመራበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ደርሶ፣ መልሱ ወደ ስልኩ እስኪመለስ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የሚለካው በሚሊሰከንድ ሲሆን አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ስሙ ከጨዋታ ጋር ዝምድና አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1983 መገባደጃ ማይክ ሙስ የተባለ በአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ባለሙያ የኔትወርክ ችግር ለመፈለግ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሟንም ሰርጓጅ መርከቦች ውኃ ውስጥ ልከው ማሚቶውን ከሚያዳምጡት ድምፅ ወሰደላት። ያ ድምፅ ሄዶ፣ ገጭቶ፣ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ ርቀትን እንደሚናገር ሁሉ ፕሮግራሟም መልእክቷ ደርሶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ትናገራለች።

ይህች ቅጽበት በጨዋታ ውስጥ ይህን ያህል ክብደት ያገኘችው ሰርቨሩ ዳኛ ስለሆነ ነው። ተጫዋቹ ሲተኩስ ስልኩ ብቻውን አይወስንም፤ «በዚህ አቅጣጫ ተኩሻለሁ» ብሎ ለሰርቨሩ ያመለክታል፤ ማን እንደተመታ የሚበይነው ሰርቨሩ ነው። አንዱ ፒንጉ 40፣ ሌላው 200 የሆኑ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተገናኝተው በአንድ ቅጽበት ቢተኩሱ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ እኩል ነው ብለን ብናስብ የመጀመሪያው ማመልከቻ በ20 ሚሊሰከንድ፣ የሁለተኛው በ100 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። የሰው ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ ወደ ሩብ ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ 80 ሚሊሰከንድ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ሁለት እኩል ፈጣን ልጆችን ለመለየት ይበቃል። በዚያ ላይ ፒንጉ ከፍ ያለው ልጅ በስክሪኑ የሚያየው ነገር ያለፈ ነው፤ ጠላቱ ቆሞበታል ብሎ ያነጣጠረበት ቦታ ላይ ጠላቱ አሁን ላይኖር ይችላል።

የጨዋታ ሠሪዎች ይህን ኢፍትሐዊነት ለማለዘብ አንድ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ እኔ እንደምገምተው የቅዳሜ ጭቅጭቅ ግማሹ የሚወለደው ከዚሁ ዘዴ ነው። በብዙ የተኩስ ጨዋታዎች ሰርቨሩ የተኩስ ማመልከቻ ሲደርሰው ጊዜውን በሐሳብ ወደ ኋላ ይመልስና ተኳሹ በተኮሰበት ቅጽበት በስክሪኑ ምን ያይ እንደነበር ይመረምራል፤ በዚያ ምስል ላይ ዒላማው መስመር ውስጥ ከነበረ መትቷል ብሎ ይፈርዳል። ውጤቱ ግን ለተመቺው ግራ የሚያጋባ ነው። ግድግዳ ጀርባ ገብቶ ተርፌያለሁ ባለ ማግሥት ድንገት ይወድቃል፤ ምክንያቱም ፒንጉ ከፍ ባለው ተኳሽ ስክሪን ላይ ገና አልገባም ነበር። ስለዚህ «ግድግዳ ጀርባ ሆኜ ሞትሁ» የሚል ልጅ አልዋሸም፤ የተሳሳተው የራሱን ፒንግ ሲረግም ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገዳዩ ፒንግ ነውና።

በእኛ ሰፈር በጣም የተለመደው ስሕተት ፒንግንና የኢንተርኔት ፍጥነትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ኢሱዙ ከባጃጅ እጅግ የበለጠ ጭነት ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ኢሱዙው ትልቅ ስለሆነ የሐረጎ ጠመዝማዛ አይቀናለትም፣ መንገዱም አያጥርም። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚባለው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ጭነት ያልፋል የሚለው ሲሆን ፒንግ ደግሞ አንዲት ደብዳቤ ደርሳ እስክትመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ነው። ጨዋታ ሲካሄድ የሚመላለሰው መረጃ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት በራሱ ፒንግን አይቀንስም። ፍጥነት የሚያስፈልገው ጨዋታውን ለማውረድና በጊጋባይት የሚቆጠረውን ማሻሻያ ለመጫን ነው፤ ለዚህም አስተዋይ ተጫዋች ማሻሻያውን ዓርብ ሌሊት አውርዶ ያድራል።

ጊዜው የት ነው የሚሄደው? አንደኛው በርቀት ነው። መረጃው በፋይበር፣ ማለትም በቀጭን የመስታወት ኬብል ውስጥ፣ በብርሃን መልክ የሚጓዘው በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ አንድ ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በዚህ ስሌት 4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ከአዲስ አበባ ስለራቅን ነው» የሚለው ምክንያት ብዙም አያስኬድም። ዋጋው የሚከብደው ከዚያ ወዲያ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚሄደው መረጃ በጂቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን አልፎ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል፤ ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነና መንገዱ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን አድርጎ 7,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ሌላ ምንም መዘግየት ባይኖር እንኳ 70 ሚሊሰከንድ በብርሃን ጉዞ ብቻ ያልቃል። የትኛውም የስልክ ዓይነት ይህን አይቀንሰውም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተጎድተው የብዙ አገሮች መረጃ በሌላ መንገድ ለመዞር ተገድዶ ነበር፤ መንገድ ሲረዝም ፒንግም አብሮ ይረዝማል።

ሁለተኛው ጊዜ የሚጠፋው በወረፋ ነው፤ ይህ ደግሞ ቤታችን ድረስ የመጣ ችግር ነው። የስልክ ማማ የሬዲዮ ሞገዱን በአካባቢው ላሉት ሁሉ ያካፍላል፤ እሑድ ማታ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ሲከፍት የጨዋታው ትንሽ መልእክት ከትልልቆቹ ጭነቶች ኋላ ይሰለፋል። እንደ ደሴ በጦሳና በአዝዋ መካከል በተቀመጠች ከተማ ደግሞ ተራራና ግድግዳ ሞገዱን ሲያደክሙት መልእክቱ ይጠፋና እንደገና መላክ ሊኖርበት ይችላል። በዋይፋይም ቢሆን ያው ነው፤ በአንድ ቤት ታናሽ ወንድም ፊልም እያወረደ ታላቁ ፐብጂ ቢጫወት ራውተሩ ላይ የሚፈጠረው ወረፋ ፒንጉን ከ90 ወደ 400 ሊያደርሰው ይችላል። ብዙ ሰው ባሕር ማዶ ያለውን ሰርቨር ሲወቅስ ጥፋተኛው ሳሎን ውስጥ መቀመጡ የተለመደ ነው።

ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ መዋዠቁ የባሰ መሆኑን ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ያውቃሉ። በ120 ላይ የጸና ፒንግ እጅ ይለምደዋል፤ ተኳሹ ትንሽ ቀድሞ ያነጣጥራል፣ ኳስ ተጫዋቹም ቁልፉን ትንሽ ቀድሞ ይጫናል። አንዴ 60፣ አንዴ 300 የሚል ፒንግ ግን ምንም ልምድ አይገራውም፤ ስክሪኑ ቆሞ ቆሞ የሚዘለው፣ ልጆቹ «ላግ አደረገ» የሚሉትም ያኔ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው። ጨዋታው የሚፈቅድ ከሆነ ቅርብ ሰርቨር መምረጥ፤ ፐብጂ ሞባይል ለምሳሌ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር አለው። ከኋላ የሚሠራ ማውረድን ማቆም፣ ወደ ራውተሩ መቅረብ፣ ፕሌይስቴሽኑን ከተቻለ በኬብል ማገናኘት ይረዳል። መረጃውን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚልከው ቪፒኤን አልፎ አልፎ የተሻለ መንገድ ቢያገኝም አብዛኛውን ጊዜ ጉዞውን ያረዝማል፤ «ፒንግ ቀናሽ» እየተባሉ የሚወርዱ መተግበሪያዎችም ባሕሩን አያሳጥሩም።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆች በዚህ ሁሉ አይጨነቁም። ዳኛው ሰርቨር እፊታቸው ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ሣጥን ነው፤ ከጆይስቲክ እስከ ሣጥኑ ያለው ጉዞ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ምስሉን ቢያዘገይ እንኳ የሚያዘገየው ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ እዚያ ወንበር ላይ የተሸነፈ ልጅ ፒንግን ሊከስ አይችልም። የሚከሰው ጆይስቲኩን ነው፤ «የእኔው ላልቷል፣ ሳልነካው ይሄዳል» ይላል፤ ሙሉ ቀን በሚሠራ ቤት ውስጥ ደግሞ ጆይስቲክ በእርግጥም ይላላል።