«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ጨረቃ

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ጎረምሶች ጨረቃ ላይ ስለተነዳችው ተሽከርካሪ ሲጨዋወቱ፣ አንዱ «በ17 ወር ተጣድፈው ሠሯትና ፓራፋንጎዋ ወለቀ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ሲደመድም ሰማሁ። ምሳሌው ለታሪኩ ይስማማል፤ የዋለበት ቦታ ግን ስህተት ነው። አበው ሩጫን አልነቀፉም።

አያቴ ለባቲው የሰኞ ገበያ ሲነሡ ገና ሳይነጋ ድጋቸውን ይታጠቁ ነበር። አንዱን ጫፍ እኔ በሁለት እጄ ወጥሬ እይዛለሁ፤ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሳርፈው፣ በቀስታ እየዞሩና ጨርቁን እየጠቀለሉ ወደ እኔ ይጠጋሉ። ካላላሁባቸው «ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ ልጄ» ይሉና ፈትተው ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ከዚያ የበቅሎዋ ተራ ይደርሳል፤ መደላድሉ ሳይታጠፍ ይነጠፋል፣ መጫኛው ተስቦ ይጠብቃል፣ ጭነቱ ወዲያና ወዲህ እየተነቀነቀ ይፈተሻል። ይህ ሁሉ ቆሞ የሚሠራ ነው። መንገድ ከገቡ በኋላ ግን አያቴን የሚደርስባቸው አልነበረም።

ብዙዎች የብሂሉን ምንጭ ጦር ሜዳ ያደርጉታል። እኔ ግን የገበያ መንገደኞች አፍ ላይ፣ ያውም ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ዓይነት ቁልቁለት ላይ የተወለደ ይመስለኛል። ዘማች እንደታጠቀ ያድራል፤ ነጋዴ ግን በየማለዳው አዲስ ይታጠቃል። ቁልቁለት ደግሞ ሳይወዱ ያስሮጣል፤ እጅ ልጓም ይዞ፣ እግር ድንጋይ እየመረጠ፣ የላላ ድግ ለማጥበቅ የሚሞክር ሰው ግማሽ ዙር ላይ ይቀራል።

የጨረቃዋ ተሽከርካሪ ምድር ላይ 210 ኪሎ ግራም ብቻ እየመዘነች ከራሷ እጥፍ በላይ ጭነት እንድትሸከም የታሰበች፣ ጎማዎቿም ከሽቦ የተሸመኑ ነበሩ፤ አፖሎ 17 በተባለው የአሜሪካ የጨረቃ ጉዞ ላይ ብቻ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድታለች። ስለዚህ የ17 ወሩ ሥራ አልተፈታም። በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. ፓራፋንጎውን የሰበረው የዚያ ጉዞ ጠፈርተኛ ዩጂን ሰርናን በልብሱ ኪስ የያዘው መዶሻ ነው። ብሂሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ለሆነው ነው፦ ሰርናን እዚያው ሥራ መሐል ሆኖ የተሰበረውን ክፍል አቧራ በለበሰው ገጽ ላይ በፕላስተር አጣበቀው፤ ሲነዱ ወልቆ ወደቀ። አቧራውም በሰዎቹና በዕቃው ላይ ይዘንብ ጀመር፤ ጥቁር ስለሆነ የፀሐይን ሙቀት እየሳበ ባትሪውን ሊያግል ይችላል።

ሰርናንና የጉዞ ጓደኛው ሃሪሰን ሽሚት በሚያርፉበት ሰዓት፣ ጠፈርተኛው ጆን ያንግና ባልደረቦቹ ምድር ላይ አንድ የጥገና ዘዴ ሞክረው አረጋገጡ። ጠዋት ሰርናንና ሽሚት የጠፈር መንኮራኩራቸው ውስጥ፣ ንጹሕ ቦታ ላይ፣ አራት ካርታዎችን በፕላስተር አያያዙ፤ ውጭ ወጥተውም ከመንኮራኩሯ መብራት በተወሰዱ ማያያዣዎች በወለቀው ፓራፋንጎ ቦታ አጥብቀው አሰሯቸው። በዚያ ቀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዱ፤ የካርታው ፓራፋንጎ አልተፈታም፤ እስከ ጉዞው መጨረሻም አገለገለ።

አሁን አሁን ይህ ብሂል ፈጣን ሰውን ማሸማቀቂያ ሆኗል። ኮምቦልቻ ውስጥ እንኳ ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅለት የጠየቀ ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት» ተብሎ ሲመለስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ይህ የአበውን ቃል ለስንፍና መከለያ ማድረግ ነው። ተረቱን መጥቀስ የፈለገ፣ በጋውን ሙሉ ተቀምጦ ደሴ ላይ የሐምሌ ዝናብ ከወረደ በኋላ የጎርፍ ቦይ መቆፈር ለሚጀምር ይጥቀሰው።