ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ ያድናል ወይስ ያበልዛል?

ይሄን ጥያቄ ደጋግማችሁ ስትጠይቁ አያለሁ፣ በተለይ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ልጅ የምታሳድጉ። ፍሎራይድ ውሃና የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው፣ ስለ እሱ የሚባለው ሁለቱም እውነት ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚሠራው ጥርሱን ከላይ እየነካ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር አሲድ ሠርተው ጥርሱን ሲያሳሱት፣ መልሶ እንዲጠነክር ያግዘዋል። የሚያበልዘው ግን የሚዋጠው ነው። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ ልጁ ለረጅም ጊዜ ብዙ ፍሎራይድ ከዋጠ ጥርሱ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሳሙናው 1000 ፒፒኤም ከሆነ (ከሚሊዮን እጅ 1000 እጁ ፍሎራይድ ማለት ነው)፣ 1 ግራም ሳሙና ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለ። ብሩሹን ከዳር እዳር ከሞላችሁት ወደ 1 ግራም ይጠጋል። የሩዝ ፍሬ የምታክለው ግን የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ናት፣ ልጁ ሙሉውን ቢውጣት እንኳ 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ያህል፣ በቀን ሁለቴ። ሳሙናውን ብሩሹ ላይ የምታደርጉት እናንተ ሁኑ።

ከቦታ ቦታ የሚለያየው ውሃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ከዚያ ያልፋሉ። ማፍላት ደግሞ ፍሎራይዱን አያወጣውም። እዚያ ላላችሁ፣ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ልጁ የሚጠጣው ውሃ ነው እንጂ ሳሙናው አይደለም።