ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ «ፕሮቲን ይቅደም» የሚባለው ምንድን ነው?

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙና የሥነ ምግብ ባለሙያው ደጋግመው ከሚነግሩት ነገሮች አንዱ «ፕሮቲን ይቅደም» የሚለው ነው። ይህ መመሪያ መጠንንም ቅደም ተከተልንም በአንድ ላይ ይይዛል። መጠኑ ለአብዛኞቹ ታካሚዎች በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ሲሆን፣ እንደ ሰውየው ሁኔታ ለቁመቱ ተገቢ ነው በሚባለው ክብደት ልክ ለእያንዳንዱ ኪሎ እስከ 1.5 ግራም ሊደርስ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ በየማዕዱ መጀመሪያ ሥጋው፣ ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ ወይም ጥራጥሬው እንዲበላ፣ አትክልቱ እንዲከተል፣ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሩዙና ፓስታው ግን ቦታ ከተረፈ ብቻ እንዲቀመስ የሚጠይቅ ነው። ቁርሱም ምሳውም እራቱም በእንጀራ ተጠቅልሎ ለሚበላበት ቤት ከሁለቱ የሚከብደው ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨጓራው መጠን ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች በብዛት በሚሠራው ስሊቭ በተባለው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው አምስት እጅ አራቱ ያህል ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን፣ ረዘም ያለ ክፍል ይቀራል። ይህ ክፍል መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። በጨጓራ ባይፓስ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ከጨጓራው አናት ላይ ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይቀጠላል፤ ምግቡም ቀሪውን የጨጓራ ክፍልና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። በሁለቱም መንገድ ፕሮቲን መፍጨት የሚጀምሩት የጨጓራ አሲድና ኢንዛይም ከበፊቱ ያንሳሉ። በስሊቭ ከሚወጣው ክፍል ጋር ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ቦታም አብሮ ስለሚወጣ፣ ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ እምብዛም አይሰማውም። ረሃብን ጠብቆ የሚበላ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ሊውል ስለሚችል፣ በዚህ ጊዜ የሚበላው በሰዓት ነው።

ታዲያ በእነዚህ ሁለት ሲኒዎች ውስጥ ፕሮቲን ለምን ይቅደም? ሰውነት ስብን በየቦታው ያከማቻል፤ ስኳርንም በተወሰነ መጠን በጉበትና በጡንቻ ያስቀምጣል። ለፕሮቲን ግን የተለየ መጋዘን የለውም። የሚበላው ምግብ ብዙ ጊዜ በቀን ከ1000 ካሎሪ በታች በሚሆንባቸው የመጀመሪያ ወራት ሰውነት ጉድለቱን ከስቡ ይሞላል፤ በዚያው ልክ ግን ፕሮቲን ካልደረሰው፣ ፕሮቲን የሚገነባበትን አሚኖ አሲድ ፍለጋ ወደ ጡንቻው ይዞራል። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ይህን አይለይም። 20 ኪሎ የቀነሱ ሁለት ሰዎች አንዱ በአብዛኛው ስብ፣ ሌላው ብዙ ጡንቻም ጭምር አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሰውነቱ በቀን የሚያቃጥለው ኃይልም ስለሚቀንስ የወረደው ክብደት መልሶ ለመምጣት ይቀልለዋል። ከዚህ የተነሳ ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ስንት ኪሎ ወረደ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ፕሮቲኑ ደርሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

የፕሮቲን እጥረት ከጡንቻ በተጨማሪ በሌሎች ቦታዎችም ይታያል። ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ሰውነት ይዝላል፣ ኢንፌክሽን ይደጋገማል፤ እጥረቱ ሲጸና በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ይወርድና እግር ያብጣል። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው የፀጉር መርገፍ ከቀዶ ሕክምናው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይመጣል። ይህ በአብዛኛው ከፈጣኑ የክብደት መቀነስ የሚመጣና በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ቢሆንም፣ ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ሲጎድሉ ይብሳል፣ ይረዝማልም።

ምግቡ በአንድ ጊዜ ወደ መደበኛው አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ውሃና የተጣራ መረቅ ብቻ ይጠጣል፤ ከዚያ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ወተት፣ ቀጭን እርጎና የፕሮቲን ሼክ፤ ቀጥሎ የተፈጨና ልል ያለ ምግብ፤ ከአንድ ወር በኋላ ለስላሳ ምግብ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ በጥሩ ሁኔታ የታኘከ መደበኛ ምግብ ይፈቀዳል። ቀናቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያዩ ታካሚው መከተል ያለበት የራሱን ሐኪም መርሐ ግብር ነው።

በፈሳሹ ጊዜ ከፍቅር የተነሳ የሚፈጠር ችግር አለ። ከሆስፒታል ለወጣ ሰው አጥሚት ማምጣት የጠያቂ ወግ ነው። አጥሚት ግን ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት በውሃ ተሠርቶ ስኳር ወይም ማር ሲጨመርበት፣ ቅቤም ሲታከልበት፣ ብዙ ካሎሪና ጥቂት ፕሮቲን ይዞ ትንሹን ጨጓራ ይሞላል። በተለይ ባይፓስ ለተሠራለት ሰው ስኳሩ በፍጥነት ወደ አንጀት ወርዶ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሆድ ቁርጠት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ሐኪሞች ይህን ዳምፒንግ ይሉታል። አጥሚቱን መተው የግድ አይደለም። ያለ ስኳርና ያለ ቅቤ፣ በውሃ ፈንታ በወተት ተሠርቶ፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ወይም ጣዕም የሌለው የፕሮቲን ዱቄት ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢቀላቀልበት፣ ለታካሚው የሚስማማ መጠጥ ይሆናል። ወተት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚነፋው ወይም የሚያስቀምጠው ሰው ደግሞ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የወጣለትን ወይም የአኩሪ አተር ወተትን ይጠቀም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ 60 ግራም ፕሮቲን ማለት 60 ግራም ሥጋ ማለት አይደለም። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ ወደ 30 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጮማ የሌለው የበሰለ የበሬ ሥጋ ወደ 26 ግራም፣ የበሰለ ዓሣ ከ20 ግራም በላይ ይይዛሉ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ ወተት 8 ግራም፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣሉ። ከራሳችን ማዕድ ተገቢውን ክብር ሳያገኝ የቀረው አይብ ነው። ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ ጥቂት ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ለስላሳ በመሆኑም ከሥጋ በፊት ይለመዳል፤ አጓቱ ስለሚወጣም የሚቀረው ላክቶስ አነስተኛ ነው። ክትፎ በቅቤ የራሰ በመሆኑ፣ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ደግሞ አሲዱ በቀነሰ ጨጓራ ውስጥ የሚያልፍ ጀርም ስለሚበዛ፣ ሥጋው ቅቤው ቀንሶ በደንብ ቢበስል ይሻላል። ለነገሩ ቀይ ሥጋ ለብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት አልወርድ ይላቸዋል፤ ዓሣ፣ እንቁላልና በደንብ የተፈጨ ዶሮ ይቀላሉ።

ሽሮን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ሽሮ እኮ ፕሮቲን ነው» የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም ሰውን ያዘናጋል። የሽምብራ ወይም የአተር ዱቄት ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ያህል ፕሮቲን ነው። ነገር ግን ሽሮ ወጥ በአብዛኛው ውሃና ዘይት ነው፤ ታካሚው በአንድ ጊዜ የሚችለው ግማሽ ኩባያ ወጥ ውስጥ 25 ግራም ዱቄት ቢኖር የሚያገኘው 5 ግራም ፕሮቲን ነው። ያንኑ ሽሮ በግማሽ እንጀራ ቢበላው ደግሞ ጨጓራው በእንጀራው ሞልቶ ወጡ ይተርፋል። እንጀራም ፕሮቲን የለውም ማለት አይደለም፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ያህል ይይዛል፣ በጥራጥሬ የሚጎድለውን አሚኖ አሲድም ያሟላል። ይሁንና እንጀራ ሲሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ በመሆኑ፣ በዚህ ወቅት የሚወስደው ቦታ ከሚሰጠው ፕሮቲን ጋር አይመጣጠንም። ሽሮውን ወፈር አድርጎ መሥራት፣ ዘይቱን መቀነስ፣ ሲዘጋጅም የተቆላ አኩሪ አተር አብሮ ማስፈጨት፣ በማንኪያ መብላትና ከእንጀራው ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ በመጨረሻ መውሰድ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል።

መደበኛ ምግብ የጀመረ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሟላ በምሳሌ ላሳይ። ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል 6 ግራም፣ ረፋድ ላይ በውሃ የተበጠበጠ የፕሮቲን ሼክ 20 ግራም፣ ምሳ ላይ 60 ግራም የዶሮ ሥጋ 18 ግራም፣ ከሰዓት በኋላ 70 ግራም አይብ 10 ግራም፣ እራት ላይ 60 ግራም ዓሣ ከ12 ግራም በላይ ይሰጣል፤ ድምሩ 66 ግራም ገደማ ይሆናል። በአንድ ማዕድ ላይ ይህን ሁሉ መብላት አይቻልም፤ ወደ አምስት የተከፋፈለውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ፕሮቲን ዱቄት 60 ግራም መድረስ ለብዙዎች የማይሆን ነገር ስለሆነ፣ የፕሮቲን ዱቄትን እንደ ስንፍና መቁጠር አይገባም። ሲገዛ ከወተት አጓት ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ ስኳሩ ጥቂት የሆነ ይመረጥ። ኮላጅን ብቻ ያለው ዱቄት ግን ትሪፕቶፋን የተባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ስለሌለው ዋና የፕሮቲን ምንጭ ሊሆን አይችልም።

አበላሉም ከሚበላው እኩል ይመዝናል። ጉርሻው ትንሽ፣ ማኘኩ ረጅም፣ ማዕዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስድ ይሁን፤ የመጀመሪያው የመጥገብ ስሜት ሲመጣ ያኔውኑ ይቁም። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፤ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ቀሪውን ሰዓት ግን በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ በቀን 1.5 ሊትር ያህል መድረስ ያስፈልጋል። ገበታ ላይ በጋራ መብላት እነዚህን ሁሉ ያከብዳል፤ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ የሌሎች ፍጥነት ይጎትታል፣ ጉርሻም ይመጣል። ለታካሚው በትንሽ ሳህን ለብቻው ማቅረብ ማግለል እንዳልሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። «በሞቴ» የሚለውን ልመና እሱ በየማዕዱ እንዲመክት ከመተው፣ ከቤት አንድ ሰው ለእንግዶች ቢያስረዳለት ይቀልለዋል።

ጾም ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም 55 ቀን፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ከመሆኑም በላይ የሚበላበት ሰዓት ይዘገያል። በጥራጥሬ ብቻ 60 ግራም ለመድረስ ከስድስት ጊዜ በላይ ግማሽ ኩባያ ምስር መብላት ይጠይቃል፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአቅም በላይ ነው፣ ሆድም ይነፋል። ስለዚህ በነዚህ ወራት ታካሚው ሁኔታውን ለንስሐ አባቱ ነግሮ ምክር መቀበሉ ተገቢ ነው፤ በሕመም ላይ ላለ ሰው ጾምን የማቅለል ሥርዓት አዲስ ነገር አይደለምና። ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ ለመጾም የሚፈልግ ሰው በአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ የሚሠራ ምግብ)፣ ወፍራም ምስርና ክክ፣ በደንብ የተፈጨ ፉል ይዞ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር አስልቶ ሊጾም ይችላል። ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ታካሚ ደግሞ ምግቡ ከሚፈቀድበት አጭር ሰዓት ይልቅ ውሃው ያሳስበዋል፤ እሱም ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ፕሮቲን መድረሱ ቫይታሚንን አይተካም። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) በሐኪም ትእዛዝ መወሰድ አለባቸው፤ ብዙዎቹም ዕድሜ ልክ ይቀጥላሉ። ብረትና ካልሲየም በሁለት ሰዓት ተራርቀው ይዋጣሉ። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንሱ የብረቱ ኪኒን ከቡናው ሰዓት ይራቅ።

ኩላሊቱ የታመመ ሰው የፕሮቲኑን መጠን በራሱ አይወስን፤ ለእሱ 60 ግራም ሊበዛ ይችላል። ሌሎቹም በየጊዜው በሚደረገው የደም ምርመራ አልቡሚናቸውን፣ ብረታቸውንና ቫይታሚኖቻቸውን ማስመርመር አለባቸው፤ እጥረት ስሜቱ ሳይታወቅ ይጀምራልና። ለተከታታይ ቀናት የሚያስመልሰው፣ ውሃ እንኳ የማይረጋለት ሰው ግን የቀጠሮ ቀኑን መጠበቅ የለበትም። በዚህ ሁኔታ የታያሚን መጠን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያልቅና አእምሮንና ነርቭን በማይመለስ መንገድ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዓይን ሲንቀጠቀጥ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ፣ አካሄድ ሲንገዳገድ ወይም ሰውየው ግራ ሲጋባ የዚያኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት፤ ለተቀበለው ሐኪምም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና መደረጉ አስቀድሞ ይነገረው፤ ታያሚኑ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ወይም አብሮት መግባት ስላለበት።