«80/20» ምንድን ነው?

«80 በመቶው ሴት የሚሻማው 20 በመቶውን ወንድ ነው» የሚል አስተያየት የማይለጠፍበት ቪዲዮ ጠፋ። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ «ሳይንስ ያረጋገጠው ነው» ብሎ አረፈው። እንጀራዬ ዳታ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ኦኬኪዩፒድ የተባለው የአሜሪካ የፍቅር መፈላለጊያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠቃሚዎቹን ዳታ ይፋ አደረገ። ሴቶቹ ከወንዶቹ 80 በመቶውን በመልክ ከመካከለኛ በታች አድርገዋቸዋል። ተንታኛችን ማንበቡን ያቆመው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ ግን ይቀጥላል፦ እነዚሁ ሴቶች ዝቅ ያለ ነጥብ ለሰጧቸው ወንዶች መልእክት ይጽፉ ነበር። ወንዶቹ በአንጻሩ ነጥብ ሲሰጡ ደጎች ናቸው፤ ከላኩት መልእክት ሁለት ሦስተኛው ግን የሄደው ቁንጅና ወደበዛለት አንድ ሦስተኛ ነው።

የበዓል ዋዜማ ዶሮ ተራ ነው ነገሩ። እትዬ የእያንዳንዱን ደረት ዳብሰው «ይሄም ዶሮ ሆኖ? አጥንት!» እያሉ ያልፋሉ፤ ዞረው ዞረው መካከለኛውን አንጠልጥለው ይገባሉ። ጋሼ «ሁሉም ጥሩ ነው» ይሉና ከሌሎች ጋሼዎች ጋር አንዱን ቀይ አውራ ዶሮ ከበው ይጋፋሉ። አፍ ለሰማ እትዬ መራጭ ናቸው፤ እጅ ላየ ጋሼ። ዶሮ ገዢውን አለመምረጡ ግን ምሳሌዬን ያበላሸዋል። ሰው መልስ አገኛለሁ ብሎ ለሚገምተው ስለሚጽፍ፣ መልእክትም ቢሆን ጥርት ያለ የምርጫ መለኪያ አይደለም።

ልዩነት የለም አላልኩም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ በስ በ1989 ባሳተመው የ37 ባህሎች ጥናት ሴቶች ለገቢ፣ ወንዶች ለመልክና ለወጣትነት የበለጠ ክብደት ሰጥተዋል። ይህ ግን ተጠይቀው የመለሱት ነው። ኢስትዊክና ፊንክል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ሰዎችን ፊት ለፊት አገናኝተው ማን ማንን እንደወደደ ሲለኩ ያ የወንድና የሴት ልዩነት ሊታያቸው አልቻለም። ብሩክና ኒውማን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2018 በአራት የአሜሪካ ከተሞች በፍቅር መፈላለጊያ ድረ ገጽ የተላኩ መልእክቶችን ሲመረምሩ ወንዱም ሴቱም በአማካይ በተፈላጊነት 25 በመቶ የሚበልጠውን ሲያሳድድ አገኙት።

ከዚያው ከኦኬኪዩፒድ ዳታ ሌላም ወጥቷል፦ ሴቶች ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጡት በአብዛኛው ለእኩያቸው ነው፤ ወንዶች ግን 50 ዓመት የደፈኑት ሳይቀሩ በ20ዎቹ መጀመሪያ ላለች ሴት። ይህም ነጥብ እንጂ መልእክት አይደለም፤ እንደ 80ው ሁሉ በጥንቃቄ ይነበብ። ተንታኛችን ግን ይህችኛዋን አንድም ቀን ሲያነሳት አልሰማሁም።